ፀሐይ የክብር እንግዳ አትጠብቅም

«ሯጭ በሚሮጥበት ጊዜ ምን ያስባል?» ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛው ሰው «ወርቅ» ብሎ ይመልሳል። በአገራችን ሩጫ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለው ወርቅ፣ ሰንደቅ ዓላማና መዝሙር ስለሆነ መልሱ አያስደንቅም። እኛ ግን በዚህች ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ወርቅ ስለማያስቡት ሯጮች ነው። ይኸውም ማለዳ ተነሥተው ሮጠው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ወደ ትምህርታቸው፣ ወደ ሱቃቸውና ወደ መሥሪያ ቤታቸው ስለሚሄዱት፣ በውድድር ቀንም ከኋለኞቹ ጋር ስለሚገቡት ነው። ከእነዚህም መካከል እኛ ራሳችን አለንበት።

እኛ ከነገሌ ቦረና፣ ከያቤሎና ከሞያሌ የመጣን ጥቂት የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ነን። በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ነገሌ ላይ ተገናኝተን፣ በአንዲት የቆላ ከተማ ለሚደረግ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ሁለት ሳምንት ያህል ተለማምደን ነበር። በልምምዱም አንድ መምህር፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ ፀጉር አስተካካይና በጡረታ የተሰናበቱ አንድ ወታደር ተቀላቀሉን። በየማለዳው ከነገሌ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ወጥተን እንመለስ ነበር። በመንገድ ላይ ያሰብነውንና የተነጋገርነውን፣ በመጨረሻም በውድድሩ ቀን ያየነውን ለአንባቢያን ለማካፈል የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገሩ የሰው ሕይወት የነካ ስለሆነ ነው።

የልምምዳችን ሕግ አንድ ነበር፤ እየተነጋገሩ መሮጥ። የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ትንፋሹ ሳይቆረጥ መጨረስ ያልቻለ ሰው ከአቅሙ በላይ ፈጥኗልና ቀስ እንዲል ይታዘዛል። ይህ የሰነፍ ሕግ አይምሰላችሁ። አሠልጣኞችም የቀላል ልምምድን ልክ የሚያውቁት በዚሁ ነው። የልብና የሳንባ ጉልበት በአብዛኛው የሚገነባው በዝግታና በረጅሙ በመሮጥ ሲሆን፣ በየቀኑ እየተንደረደረ የሚሮጥ ግን ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል። እንግዲህ ወሬ ለእኛ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሳይሆን የፍጥነታችን ሚዛን ነበር ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ወሬ ስለ ጅብ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከከተማ ስንወጣ አንዱ «ጅብ የሚሮጥ ሰው ካየ ይከተላል» ሲል፣ ሌላው «የለም፤ ብዙ ሆነን ከሄድን እርሱ ራሱ ይሸሻል» ይላል። አንድ ቀን ይህን ስንከራከር ነርሷ ጣልቃ ገብታ፣ «እናንተ የምትፈሩት ጅብ ነው፤ እኛ ሴቶች የምንፈራው ሰው ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ጅብ የሚባል ፍጥረት በዓለም ባይኖርም አልወጣም ነበር» አለች። ከእኛ መካከል መልስ ያገኘ አልነበረም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሴት ጓደኞቻችንን ከየደጃቸው ሳንቀበል ላንወጣ፣ ከየደጃቸው ሳናደርስም ላንለያይ ተስማማን። በልምምዱ ከሠራናቸው ሥራዎች ሁሉ የማናፍርበት ይህ ነው።

ስለምን በጨለማ ትወጣላችሁ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ደጋ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ያስቸግራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፤ ስመ ጥሮቹን ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው የአርሲዋ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ነገሌ ግን ወደ 1,500 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ሞያሌ ከዚያም ታንሳለች፤ ወደ ዶሎ ሲወረድማ ከፍታው ከ300 ሜትር በታች ይሆናል። በቆላው አየሩ ለሳንባ ይቀላል፤ ሙቀቱ ግን ለደም ይከብዳል። ደም ለሚሮጠው እግር መድረስ ሲኖርበት፣ ገላን ለማቀዝቀዝም ወደ ቆዳ መሄድ አለበት፤ ሁለት ጌታ ያለው አገልጋይ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ላይ በሙቀት የሚሮጥ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ በላብ ሊያፈስ ይችላል። የእኛ ዕረፍት የዋለው ቦረናዎች «ቦና» በሚሉት በደረቁና በሞቃቱ ወራት ነበርና፣ ከጧቱ 3 ሰዓት በኋላ መሮጥ ጤና ማጣት እንጂ ጤና ፍለጋ አይሆንም ነበር።

ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ወሬው ወደ ቁጥር ይዞራል። ተራ ሯጭ ቁጥር ይወዳል። አንዱ ስልኩን በክንዱ አስሮ፣ ሌላው የእጅ ሰዓቱን እያየ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ መጨረሳችንን ያበሥረናል። 10 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት መግባት ለእኛ ትልቅ ክብር ነው። መምህሩ ግን ይህን ኩራታችንን በሒሳብ አበረዱት። «አበበ ቢቂላ ሮማ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነው የጨረሰው። ለአንዱ ኪሎ ሜትር 3 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ይደርሰዋል። እርሱ ሲገባ እናንተ ገና 22ኛውን ኪሎ ሜትር አልፋችሁ ግማሹን ትጀምራላችሁ» አሉን።

ስለ አበበ ከተነሣ ስለ ጫማ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ፀጉር አስተካካዩ «አበበ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ? ታዲያ የዚህ ሁሉ ብር ጫማ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከኪሳችን ጋር ስለሚስማማ ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ያው አበበ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ፣ ማለት ሮማ ላይ ከሮጠው 3 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ፈጥኖ ገብቷል። ከዚህም ሌላ የግራር እሾህ የሮማን ድንጋይ አይመስልም። ስለዚህ ያለው ጫማውን፣ የሌለው በረባሶውን አድርጎ ይሩጥ፤ በጫማውም ማንም ማንን አይናቅ ብለን ክርክሩን ዘጋን።

አንድ ማለዳ ስንመለስ ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባቸው ያዘሉ እናት በመንገድ አገኘን። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ በኦሮምኛ፣ «ልጆቼ፣ ማን እያባረራችሁ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ማንም አለመሆኑን ነገርናቸው። «ታዲያ ወዴት ነው የምትደርሱት?» አሉ። «ደርሰን እዚሁ ነው የምንመለሰው» ብንላቸው በጣም ሳቁ። ስቀውም ሲያበቁ፣ «ይህ ሁሉ ጉልበት ውሃ ቢቀዳበት ምን አለበት!» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሁለት ኪሎ ሜትር ወሬ አልነበረም። እያንዳንዳችን የምናስበው አንድ ነገር ነበር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዚህ አገር አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሽፈው፣ የቦረና ከብት በየሜዳው ረግፎ፣ ከብት የነበረው ሁሉ እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ታይቷል። ውሃ እንዲህ በሚፈለግበት አገር ላብን በፈቃድ ማፍሰስ ነውር አይደለምን? ለመዝናናት መሮጥ የጠገበ ሰው ጨዋታ አይደለምን?

በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረን የደረስንበት ይህ ነው። መሮጥ በራሱ ነውር አይደለም። ነርሷ እንዳስረዳችን የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ዛሬ በቆላ ከተሞችም የሚታዩ ናቸው፤ ጤናውን የሚጠብቅ ወጣትም ለወገኑ ሸክም አይሆንም። ነውሩ ያለው ሯጭ የሚሮጥበትን አገር ሲረሳ ነው። የቆላ ሩጫ የቆላን ፀሐይና የቆላን ውሃ ካላከበረ ከሌላ አገር የተዋሰ ልብስ ይሆናል፤ አይለካም፣ ያንቃልም። ይህን ስንነጋገር ለወሬ ያህል ነበር። የውድድሩ ቀን ግን ወሬው እውነት ሆነ።

የከተማዋን ስም አንጠራም፤ የአዘጋጆቹንም እንዲሁ። ዓላማችን ማንንም ማዋረድ አይደለም፤ ያየነው ነገርም በአንዲት ከተማ ብቻ የሚደረግ አይደለምና። ሩጫው ከጧቱ 12 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ተነግሮ ነበር። እኛም ገና ሳይነጋ በመነሻው ተሰልፈን፣ እግራችንን አፍታተን ጠበቅን። 12 ሰዓት አለፈ። «የክብር እንግዳው እስኪደርሱ ጥቂት ታገሡ» ተባልን። 1 ሰዓት አለፈ። ፀሐይ ወጥታ በግራሮቹ ላይ ቆመች። እንግዳው ደረሱ፤ ንግግር ተደረገ፤ ለንግግሩ ምስጋና ተደረገ፤ ለምስጋናውም ጭብጨባ ተደረገ። ሩጫው የተጀመረው 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሦስት ሰዓት ያህል ቆመን በጥም ስንጠብቅ የታሸገው ውሃ በድንኳኑ ውስጥ፣ በእንግዶቹ ፊት ተደርድሮ ይታየን ነበር።

በሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከፊታችን ይሮጥ የነበረ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንደ ሰካራም ይንገዳገድ ጀመር። ነርሷ ደርሳ ስሙን ብትጠይቀው የማይገናኝ ነገር መለሰላትና ወደቀ። ገላው እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። በመንገዱ ላይ ለሯጮች የተባለው ውሃ ግን ከፊት ባለፉት አልቆ፣ የቀረው ባዶ ፕላስቲክ ነበር። በዚህ ጊዜ በመንገዱ ዳር ቡናና ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ጩኸታችንን ሰምታ፣ ለቀኑ ሥራዋ ያስቀዳችውን ጀሪካን እየጎተተች መጣች። ልጁን ወደ ጥላ አስገብተን፣ ልብሱን አውልቀን፣ ውሃውን ከራሱ እስከ እግሩ አፈሰስንበት፤ በነጠላዋም አራገብንለት። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ገልጦ እናቱን ጠራ። መኪና መጥቶ ወደ ሐኪም የተወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። ለሴትዮዋ የውሃዋን ዋጋ ብንሰጣት አልቀበልም አለች።

ልጁ ዛሬ ደኅና ነው። ይሁን እንጂ እውነቱ ግልጥ ነው፤ ያዳነው ለእንግዳ የተደረደረው ውሃ ሳይሆን ለቡና የተቀዳው ውሃ ነው። ያቺ ሴት በዚያ ቀን ሥራዋን ባትከፍት ኖሮ ይህ ጽሑፍ የሐዘን ጽሑፍ ይሆን ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «ሯጭ ይችላል፤ ኢትዮጵያዊ ፀሐይ አይፈራም» ይላሉ። ይህ ፉከራ እንጂ ዕውቀት አይደለም። ከላይ ያነሣነው የሮማ ማራቶን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲደረግ የተጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ምክንያቱም የበጋውን ሙቀት ለማምለጥ ነው። አበበ ድል ያደረገው መሽቶ፣ ችቦ በያዙ ወታደሮች መካከል አልፎ ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በዶሃ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ የሴቶቹ ማራቶን የተጀመረው እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ነበር። በዚያም ሰዓት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለነበረ፣ ከተነሡት 68 ሯጮች የገቡት 40 ብቻ ናቸው። ካቋረጡት መካከል የእኛም አገር ሯጮች ነበሩ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ2013 ዓ.ም. ሲደረግም ማራቶኑ ሙቀት በመፍራት ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳፖሮ ከተማ ተዛውሯል። የዓለም ሻምፒዮኖች የሚፈሩትን ፀሐይ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ በንግግር ምክንያት እንዲጋፈጠው ማድረግ ምን ይባላል?

ስለ ውሃው ደግሞ ነገሌን ያህል ምስክር የለም። በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የነበረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር ያመፀው በምግብና በውሃ ነው። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ በተበላሸ ጊዜ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያጣሩ የላኳቸውን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው፣ የሚበሉትን እንዲበሉ፣ የሚጠጡትን እንዲጠጡ አደረጓቸው። በሚቀጥለው ወር የካቲት ሆነ፤ የሆነውን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋል። ጡረተኛው ወታደር ይህን ታሪክ ከታላላቆቻቸው የሰሙትን እየጨመሩ በመንገድ ላይ አጫውተውናል። እኛ አንድን ሩጫ ከአብዮት ጋር ለማመሳሰል አንፈልግም። ነገር ግን «ማን ቀድሞ ይጠጣል?» የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር ትንሽ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

መልሱንም ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የቦረና «ቱላ» ጉድጓዶች በዱብሉቅና በሌሎችም ስፍራዎች ዛሬም አሉ። ጥልቅ ስለሆኑ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይቆሙና፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። ዘፈኑ ትንፋሽን ከትንፋሽ ያገጣጥማል። ውሃው ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ በተራ የተወሰነ ነው፤ ተራውን የሚጠብቅ «አባ ሄረጋ» የሚባል ሰው አለ። ጉድጓዱ በጉልበተኛ እጅ አይወድቅም፤ በሕግ ይመራል። ይህን የመሰለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ በሚኖርበት አገር፣ ውሃ በድንኳን ውስጥ ተደርድሮ ሯጩ በጥም ሲወድቅ ማየት ያሳፍራል።

«የክብር እንግዳ ካልተጋበዘ ገንዘብ የሚሰጥ አይገኝም» የሚል መቃወሚያ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነትም ውድድር ያለ ገንዘብ አይሠራም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚደረገው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እንኳ ከ40,000 በላይ ሰው ለማሰለፍ የበቃው በብዙ ድጋፍ ነው። እንግዳ አይምጣ አላልንም። እንግዳው በመጨረሻው መስመር ላይ ይጠብቁን። ሯጭ ሲገባ ማየት ከመነሻ ንግግር ይበልጣል፤ ከሁሉ በኋላ ለሚገባው ማጨብጨብ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ስለዚህ በቆላ ከተሞች ሩጫ ለሚያዘጋጁ ሁሉ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፤ ሩጫው የሚደረግበት ወር የደጋ ወር ሳይሆን የቆላ ወር ይሁን። ደጋው በክረምት ዝናብ ሲርስ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ነገሌና ያቤሎ ደረቅና ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው፤ ተማሪውም ለዕረፍት በየቤቱ ነው። ሁለተኛ፤ 12 ሰዓት ከተባለ በ12 ሰዓት ይጀመር፤ ንግግር ካለ ሁሉ ከገባ በኋላ ይደረግ። ሦስተኛ፤ ውሃው በየሁለት ኪሎ ሜትር ተኩሉ ይቀመጥ፤ እንደ ጉድጓዱ ሥርዓት ጠባቂ ይኑረው፤ ከኋላ ለሚመጣው የሚበቃ ሳይቀር ማንም አይተጣጠብበት። ሯጩም ጥሙን ያህል ይጠጣ እንጂ አይጥለቅለቅ፤ ከመጠን ያለፈ ውሃም ይጎዳልና። አራተኛ፤ ውሃው ከከተማው ወረፋ አይወሰድ፤ ከመመዝገቢያው ገንዘብ ተከፍሎ በቦቴ ይምጣ፤ የተረፈውም ለሰፈሩ ይከፋፈል። አምስተኛ፤ በሙቀት ለወደቀ ሰው የሚሆን ውሃ፣ ጥላና ሐኪም ይዘጋጅ፤ ማቀዝቀዝ ይቀድማል፣ መኪናው ይከተላል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ሰዓት ማክበርንና ሰው ማክበርን ነው።

እኛም የራሳችንን ድርሻ ወስደናል። በሚመጣው የክረምት ዕረፍት ከየከተማችን ተሰብስበን፣ ሽልማትም ድንኳንም የሌለበት፣ ከነገሌ ወጥቶ ወደ ነገሌ የሚመለስ የማለዳ ሩጫ ለማድረግ ተስማምተናል። ውሃውን ከዋዜማው ራሳችን ቀድተን፣ ራሳችን ተሸክመን በየስፍራው እናስቀምጣለን። በዚያ መንገድ ያገኘናቸው እናት «ይህ ሁሉ ጉልበት ውሃ ቢቀዳበት» ያሉትን አልረሳነውም። በዚያ ቀን በአንድ ጀሪካን ብንቀድማቸው፣ ምናልባት ወዴት እንደምንሮጥ ይገባቸው ይሆናል።